የቆርች አጥር

የወንድሜ ልጅ ኤልሳዕ ከካናዳ የመጣው በመጋቢት ነው። በመጣ በሦስተኛው ቀን የሚርያምን ጓሮ በሜትር ሲለካ አየሁት።

ሚርያም የሟቹ ታናሽ ወንድሜ የሚልክያስ ሚስት ናት። የኤልሳዕ አባት ጩማ ደግሞ ታላቃችን ነበር፤ እሱም ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ሁለቱ ወንድሞቼ ከሶዶ ከተማ ዳር፣ ከዳሞታ ግርጌ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በመካከላቸው የቆርች አጥር አለ። ቆርች ቅርንጫፉን ቆርጠው ሲተክሉት የሚበቅል እሾሃም ዛፍ ነው፤ በእኛ ዘንድ ድንበር የሚከለለው በእሱ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የጩማ ቤት ተቆልፎ ተቀምጧል። ከአጥሩ ወዲህ ሚርያም እንሰት ትተክላለች። የምትኖረው በዚያ እንሰት ነው። ሌላ መሬት የላትም።

"ምን ትለካለህ?" አልኩት።

"ለመኪና መግቢያ ነው ጋሼ። ቤቱን አፍርሼ ፎቅ እሠራለሁ። ግን መኪና አይገባም፤ ሁለት እርምጃ ይጎድለኛል።"

"መኪና አለህ?"

"ስመጣ እከራያለሁ።"

በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሲመጣ ይህ ሦስተኛው ነው። ለአባቱ ቀብር አልመጣም። እሱ የሚፈልጋት ሁለት እርምጃ ላይ፣ በአጥሩ ርዝመት ሙሉ፣ ሃያ ስድስት እንሰት ቆሟል። ዘጠኙ ለመፋቅ ደርሰዋል። ቆሜ ቆጠርኳቸው። እሱ አልቆጠራቸውም፤ ሜትሩን በእንሰቱ ላይ ጥሎ ቁጥሩን በስልኩ ፎቶ አነሳ።

ሚርያም እምቢ አለች። እሱም ሽማግሌ ጠራ። በልማዳችን እያንዳንዱ ወገን አንድ ሽማግሌ ይመርጣል፤ በሦስተኛው ላይ ሁለቱም ይስማማሉ። ኤልሳዕ ጡረታ የወጣውን መምህር ሶርሳን መረጠ። ሚርያም ባለሱቁን በድሩን መረጠች። የበድሩ አባት ከስልጤ ነው የመጡት፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ሸበተ፤ ወላይትኛው ከኤልሳዕ ይሻላል። ሦስተኛው እኔ ሆንኩ። ለአንዱ አጎት፣ ለሌላዋ የባል ወንድም ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። በሰፈሩ ድንበር ሲያጣላ "አንጁሎን ጥሩ" ይባላል። ሁለቱም ያለ ክርክር ተቀበሉኝ። ያለ ክርክር መቀበላቸው አልጣመኝም።

ቅዳሜ ጠዋት በጩማ ግቢ፣ አቮካዶው ስር ተቀመጥን። ኤልሳዕ ከቦዲቲ ጥሬ ሥጋ አስመጥቶ ነበር። በትሪ ሙሉ፣ ከነቢላዋው፣ ከነዳጣው ቀረበ። ነገሩ ገና አልተሰማም። ሶርሳ "ይባረክ" ብሎ ቢላዋውን አነሳ። ከከሳሹ እጅ ሥጋ ተቀብሎ፣ በተከሳሿ ፊት እያላመጠ፣ ሊፈርድ ነው። ዳጣው ከአገጩ ላይ ይወርዳል። በድሩ የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላ ለስላሳ ተከፈተለት፤ ጠርሙሱን አልነካውም። እኔም አልበላሁም። ሚርያም አጥሩ አጠገብ ዱካ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ለእሷ የቀረበ ነገር የለም።

"እስቲ ስለዚያ አገር አጫውተን" አለ ሶርሳ።

ኤልሳዕ ይህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል። "ምን ብዬ ልንገራችሁ! ከዚህ ተነስታችሁ አዲስ አበባ እስክትደርሱ ያለውን መንገድ አስቡት። ያን ሁሉ ነድታችሁ የምታዩት አንድ ስንዴ ብቻ ነው። ኮረብታ የለ፣ ሰው የለ። ወላይታን ሙሉ አንስታችሁ አንዱ ጥግ ብታስቀምጡት የሚያየው የለም።"

"ሰው የለበትም?"

"የቅርብ ጎረቤታችን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። አራት ዓመት ሙሉ መልኩን አላየሁትም። አንድ ጊዜ ጭነት መኪናውን በሩቅ አይቻለሁ።"

"ቢታመምስ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! ይደውላል።"

ሶርሳ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ጉርሻውን ሳይውጥ "እግዚአብሔር ሲሰጥ እንዲህ ነው" አለ።

"አሰሪዬን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ" አለ ኤልሳዕ። "የሰው መሬት አርባ እርምጃ ገብቶ ስምንት ዓመት አርሷል። ማንም አላወቀም። እሱ ራሱ አላወቀም! እኔ ነኝ ማሽኑን ስነዳ ካርታው ላይ አይቼ የነገርኩት።"

"ከዚያስ? ተከሰሰ?"

"ምን ይከሰሳል? ደውሎ ነገረው፣ ተሳሳቁ፣ አለቀ። እዚያ አርባ እርምጃ ምንም አይደለም።"

በድሩ ወደ ኤልሳዕ ዞረ። "አርባዋ ምንም ካልሆነች" አለ፣ "ይቺ ሁለቷ ምን አድርጋህ ነው?"

"እዚህና እዚያ አንድ ነው እንዴ ጋሽ በድሩ!"

"አይደለማ። ስላልሆነ ነው የምጠይቅህ። ከዚያ ሁሉ ሜዳ ያንተ ስንት ነው?"

ኤልሳዕ ቢላዋውን በሥጋው ላይ አገላበጠ። "የኔ የሚባል እንኳን… የምኖረው አሰሪዬ ቤት ነው። ከስር ነው።"

"ከስር ማለት?"

"ምድር ቤት።"

"ከመሬት በታች?"

"መስኮት አለው።"

"በመስኮቱ ምን ይታያል?"

"ሣር። ሲበርድ ደግሞ በረዶ።"

"ወይ ጉድ!" አለ በድሩ። "ያን የሚያህል አገር ይዘው ሰውን ጉድጓድ ውስጥ ያሳድራሉ?"

ሶርሳ ሳቀ፤ ከዚያ የሥጋው ጌታ ማን እንደሆነ ትዝ አለውና ሳቁን ዋጠ። ኤልሳዕ ጆሮው ቀላ። ነገሩን ለማዞር ወደ እኔ ተመለከተ።

"ጋሼም እኮ ውጭ አገር ኖረዋል። ጅቡቲ! ከሰፈራችን ትበልጣለች ጋሼ?"

"ትንሽ አገር ናት" አልኩ።

 ልነግራቸው የምችለው ሌላም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክሜያለሁ። ስለዚያች አገር የማሞግሰው ነገር የለኝም። ሙቀቱ ቆዳ ይልጣል፤ ደረጃው ላይ የተተፋ ጫት ይረገጣል፤ የበሰበሰ ዓሣና የሰው ላብ ከልብስ አይለቅም። ዘጠኝ ሆነን በአንድ ክፍል እንተኛ ነበር። ሲሚንቶው ላይ በከሰል መስመር አስምረን ለእያንዳንዱ የምንጣፉን ልክ ሰጥተናል። አንድ ቀን አንዱ ሌላው ሥራ ላይ ሳለ መስመሩን አጥፍቶ በስንዝር አሰፋው። ቀትር ሳይሆን ታወቀበት። ምንጣፉን ጠቅልለን ባሕር ጣልነው፤ እሱንም አስወጣነው። የምንጣፉን አንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ሲያለቅስ አላዘንኩለትም።

ሶርሳ እጁን ጠረገ። "እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ" አለ።

ኤልሳዕ ተነስቶ ቆመ። "እኔ የሰው መሬት አልፈልግም" አለ። "አባቴ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው በስልክ ያለኝን ነው የምናገረው። ድምፁ አይሰማም ነበር፤ ሦስት ጊዜ ደገመልኝ። 'ያ አጥር ቦታው ላይ አይደለም። የተከለው አንጁሎ ነው፣ እሱ ያውቃል። አስተካክለው' አለኝ። ይሄ የአባቴ ኑዛዜ ነው። አጥሩ ወደ እኛ ገብቷል። ጋሼ እዚሁ አሉ፤ ይመስክሩ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሚርያምም ከዱካዋ ላይ ቀና አለች።

ጩማ ለልጁ ይህን እንደተናገረ እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር። ልጁ የሰማውን አልዋሸም። አባቱ ሊሞት ሲል የአጥሩን ነገር አንስቶ ነበር። ግን ኤልሳዕ አጥር ከቦታው ተነሳ ሲባል እሱን የጎዳ እንጂ እሱን የጠቀመ ሊሆን ይችላል ብሎ አላሰበም። አባቱ ዕዳውን ሲነግረው ርስት የተናዘዘለት መሰለው።

ነገሩ የሆነው በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ከጅቡቲ ባዶ እጄን ተመልሼ በጩማ ቤት እተኛ፣ ከጩማ ገበታ እበላ ነበር። ሚልክያስ ወባ ጠንቶበት ሆስፒታል ገባ፤ ሚርያም እሱን ለማስታመም ልጁን አዝላ ሄደች። ጩማ ጠዋት ጠርቶኝ "አጥሩ አርጅቷል፣ አዲስ ትከል" አለኝ። ከዚያ በእግሩ ወደ ሚልክያስ ጓሮ አንድ እርምጃ ገብቶ ቆመ። "እዚህ" አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም። እስከ ምሳ አርባ ሦስት እንጨት ተከልኩ። አሮጌውን አጥር ነቅዬ አቃጠልኩት። ከዚያ ምሳ በላሁ። ያን የምንጣፍ ሌባ ካባረርኩ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር።

ሚልክያስ ድኖ ሲመጣ አጥሩን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ደህና ነህ ወይ አለኝና ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ሞተ።

"በል ተናገር እንጂ" አለ ሶርሳ። "የሚከብድ ነገር አይደለም።"

አላስታውስም ማለት እችል ነበር። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ያምኑኛል። አጥሩ ባለበት ይቀር ይሆናል። ወይም ሶርሳ ሥጋውን ቆጥሮ ሁለቱን እርምጃ ይሰጠዋል፤ ሃያ ስድስቱ እንሰት ይነቀላል። እኔ ግን ወደፊትም "አንጁሎን ጥሩ" የምባል ሰው ሆኜ እሞታለሁ።

"አጥሩ ቦታው ላይ አይደለም" አልኩ።

ኤልሳዕ ፈገግ ብሎ ሶርሳን አየው። ሚርያም አንገቷን ደፋች።

"የገባው ግን ወደ ሚርያም ነው። አንድ እርምጃ። አባትህ አዘዘኝ፣ እኔ ተከልኩ። ሚልክያስ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው የሰረቅነው። አባትህ አስተካክለው ያለህ እሱን ነው።"

ዶሮዎች ከትሪው የወደቀ ጅማት ይጎትታሉ። የሚያባርራቸው አልነበረም።

"ጋሼ ተሳስተዋል" አለ ኤልሳዕ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገር ነው የተናገረው። "ደክሟቸዋል። አባቴ ቆሻሻ ሰው አልነበረም።"

"ነበረ" አልኩ። "እኔም ነበርኩ።"

ሶርሳ ቶሎ ብሎ ገባ። "ስሙኝ፣ ስሙኝ። አንዱ ሁለት እርምጃ ይላል፣ አንዱ አንድ እርምጃ ይላል። ወዲያም ወዲህም ነው። አጥሩ ባለበት ይጽና። ሟቾችን አንቀስቅስ። ይቅር ተባባሉ፣ እንጸልይና እንነሳ።" እጁን ሊዘረጋ ጀመረ። ጣቶቹ በስብ ያበራሉ። በእነዚያ ጣቶች ወደ ላይ ሊጸልይ ነው።

"ጸሎቱ ለምንድን ነው?" አለ በድሩ። "ሰውየው ሰረቅኩ እያለ! እሷን ማን ጠየቃት?"

ያኔ ነው ሚርያም የተናገረችው። አልጮኸችም።

"ሚልክያስ የመጣ ዕለት አውቆታል" አለች። "በእግሩ ለካው። 'ታላላቆቼ ናቸው፣ ዝም በይ' አለኝ። ዝም አልኩ። እሱም ሞተ፣ እኔም ዝም አልኩ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "በሁለት ሺሁ ረሃብ ያልደረሰውን እንሰት ቆፈርን ጋሼ። የእጄን ክንድ የማያህለውን። በዚያች እርምጃ ላይ አንድ ረድፍ ሙሉ ይቆም ነበር። ሲያልቅ ልጄን ቤኒን ከትምህርቱ አውጥቼ ቤሌ ወዳለችው አክስቱ ላክሁት። አሁንም እዚያው የቀን ሥራ ይሠራል። እርስዎ ያን ጊዜ የበቆሎ ዱቄት ይዘውልን መጡ።"

"አስታውሳለሁ" አልኩ።

"ጉልበትዎን ይዤ አመሰገንኩዎት።"

"አስታውሳለሁ።"

በደንብ አስታውሳለሁ። ዱቄቱ አምስት ኪሎ ነበር። ጉልበቴን ስትይዝ "ተነሽ፣ ተነሽ፣ ምንም አይደለም" አልኳት። ወደ ቤቴ ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። መልካም ነገር እንዳደረገ ሰው ቀና ብዬ ሄድኩ። ከአጥሩ ይልቅ የሚያቅለሸልሸኝ ያ ደስታ ነው።

በድሩ አጥሩ አንድ እርምጃ ወደ ጩማ ግቢ ይመለስ አለ። እኔም አልኩ። ሶርሳ ትሪውን አየ፤ የቀረው ጥቂት ነበር። "እንግዲህ ሁለት ከሆናችሁ" አለ።

ኤልሳዕ በጣቱ ሲቆጥር አየሁት። "ታዲያ አሁን መግቢያው ሦስት እርምጃ ጎደለ ማለት ነው!" አለ።

ወደ እኛ ዞረ።

"የምታሳዝኑ ናችሁ" አለን። "እዚያ ለአርባ እርምጃ ሰው አፉን አይከፍትም። እዚህ አንድ ዘመድ ሙሉ ለአንዲት እርምጃ ይበላላል። ለዚህ ነው ይህ አገር የማያልፍለት።"

"አንተ ነህ እኮ የጠራኸን" አለ በድሩ። ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ፤ የሚርያምን እጅ ጨብጦ ወደ ሱቁ ሄደ።

እኔ የምለው ነበረኝ፤ አላልኩም። በዚያ ሰፊ አገር አርባ እርምጃ ሲወሰድ የሚያይ የለም። በዚያች ጠባብ አገር ስንዝር የወሰደ ቀትር ሳይሆን ተያዘ። በእኛ ሰፈር ግን ሁሉም አይቶ ነበር። አጥሩ በመንገድ ዳር ነው። ገበያ የሚሄደው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው፣ ውሃ የሚቀዳው ሁሉ በዚያ ያልፋል። ሠላሳ አንድ ዓመት አይተው አልፈዋል። አይተው ሲያበቁ ድንበራቸውን እንድዳኝ እኔኑ ጠሩኝ። እኔም ሄድኩ። ቆሜ ፈረድኩ። አንዳንዱን ሌባ ብዬ ገሥጫለሁ።

እሁድ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ያደረግኩትን ነገርኩ። አንዱ "የድሮ ነገር ነው፣ ለምን ታወራዋለህ?" አለኝ። ይህን ያለኝ ሰው ጎረቤታችን ነው፤ መስኮቱ ወደ አጥሩ ነው። ከፊት ወንበር ተነስቼ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ኤልሳዕ በተከራየው መኪና ወደ አዲስ አበባ ሄደ። አልተሰናበተንም። የአባቱን ቤት በአዲስ ቁልፍ ቆልፎታል። ወደ ሰፊው አገሩ፣ ወደ ምድር ቤቱ ተመልሶ ስለ እኛ ጥበት ያወራል።

ሰኞ ጠዋት መጥረቢያና ዶማ ይዤ ሄድኩ። ሰው ልቅጠርልህ ያሉኝ ነበሩ፤ አልፈለግኩም። የተከልኳቸው እንጨቶች የሰው ወገብ የሚያክል ግንድ ሆነዋል። እነሱን መቁረጥ ሳምንታት ይፈጃል፤ መጀመሪያ አዲሱ ይተከል ብዬ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን ቆረጥኩ። እሾሁ ክንዴን ቧጨረው። ከዚያ በጩማ ግቢ ውስጥ ሣሩን ገለጥኩና የጥንቱን ድንበር ፈለግኩ። ያኔ እንጨቱን ብነቅልም የማዕዘኖቹን ጉቶ ከስር አላወጣሁም ነበር። ከሁለቱም ጫፍ ጠቁሮ የበሰበሰ ጉቶ ወጣ። ሚርያም አይታ ራሷን ነቀነቀች። ከአንዱ ጉቶ እስከ ሌላው ገመድ ወጠርን፤ አንዱን ጫፍ እሷ ያዘች።

 ውሃ አላመጣችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሦስት ጉድጓድ ቆፍሬ ሦስት እንጨት ተከልኩ። አራተኛውን ልቆፍር ስል ገመዱ ተንቀሳቀሰ።

"ትንሽ ወደዚያ" አለች።

ቀና ብዬ አየሁ። ጫፉን ከጉቶው አልፋ ወደ ኤልሳዕ ግቢ በስንዝር አስገብታዋለች።

"ድንበሩ ጉቶው ላይ ነው" አልኳት።

"ለሠላሳ አንድ ዓመቱ ስንዝር በዛብኝ?"

አልበዛባትም። ቤኒን አሰብኩ። የክንድ ያህል የማይሆነውን እንሰት አሰብኩ። ቤቱ ተቆልፏል፣ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ነው፤ የሚያይ የለም። እጇን አየሁ፤ ገመዱን አጥብቃ ይዛዋለች። እዚያች እጅ ላይ የጩማን እግር አየሁት።

ተነስቼ ሄድኩና ገመዱን ወደ ጉቶው መለስኩት። ተመልሼ አራተኛውን እንጨት በመስመሩ ላይ ተከልኩ፤ አፈሩን በተረከዜ ጠቀጠቅኩት።

ሚርያም በተረከዜ የጠቀጠቅኩትን አፈር አየች።

"ያን ጊዜም እንዲህ ተጠንቅቀው ቢሆን ኖሮ" አለች። ገመዱን ለቃው ወደ ቤቷ ገባች።

የገመዱን ጫፍ በድንጋይ አስሬ አምስተኛውን ጉድጓድ ጀመርኩ።